መርክነህ ያላለው ቃል

እህቴ ማርታ በሥራ ሰዓት አትደውልልኝም። ያን ዕለት ረፋድ ላይ ስልኬ ሲጮህ፣ አሶሳ ውስጥ በምሠራበት መድኃኒት ቤት እንክብል እየቆጠርኩ ነበር። ቆጠራዬን ሳልጨርስ ስልክ አላነሳም፤ ልማዴ ነው። ሃያ አንዱን ቆጥሬ፣ እንደገና ቆጥሬ፣ አወሳሰዱን ለገዢዋ ሴት አስረድቼ ከሸኘኋት በኋላ መልሼ ደወልኩ።

«አስቱ፣ ተቀምጠሻል?»

«ቆሜ እንደምሠራ ታውቂ የለ። ምን ሆናችሁ?»

«እኛ ደህና ነን። መርክነህ ወደ ጌታ ሄደ። ጉበቱ ነው አሉ። ትናንት ቀበርነው።»

«ትናንት ቀብራችሁ ዛሬ ትነግሪኛለሽ?»

«ብነግርሽስ ትደርሺ ነበር?»

እውነቷን ነው። ከአሶሳ ወላይታ ሶዶ መንገዱ ሁለት ቀን ይበላል። አውቶቡስ ውስጥ እያለሁ አፈር ይለብስ ነበር። ማርታ ልታጽናናኝ ብላ በቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ተወለደ፣ ትምህርቱን ጀመረ፣ አቋረጠ፣ በጋራዥ ሠራ ይላል። መሐል ላይ እንዲህ የሚል አለበት፦ «ወንድም መርክነህ በወጣትነቱ የታወቀ የሞተር ተወዳዳሪ የነበረ ሲሆን፣ ከደረሰበት አደጋ በኋላ ዳግመኛ ሞተር ላይ ላለመውጣት በጉባኤ ፊት ቃል ገብቶ፣ ቃሉን እስከ ዕለተ ሞቱ ጠብቋል።»

ከፎቶው ሥር ማርታ ጽፋለች፦ «ደስ አይልም? ወንድሙ ዮሐንስ ለጊፋታ ሐውልት ሊያቆምለት ነው። ይቺኑ ቃል ያስቀርጽበታል።»

ደስ አላለኝም። መርክነህ እንዲህ ያለ ቃል አልገባም። የገባሁለት እኔ ነኝ።

ከመርክነህ ጋር ሶዶ ከመነኸሪያው ጀርባ አጥር ለአጥር ነበር የምንኖረው። በአራት ዓመት ይበልጠኛል። አባቱ ቀድመው ሞተዋል፤ እናቱን ሰፈሩ ሁሉ አዬ ማሬ ይላቸዋል፤ በእኛ ዘንድ እናት «አዬ» ናት። አዬ ማሬ ከቦዲቲ ገበያ እንቁላል እያመጡ ሶዶ ይቸረችራሉ። መርክነህ ዘጠነኛ ክፍልን አቋርጦ ወደ አርባ ምንጭ መውጫ ካለ አንድ ጋራዥ ገባ። ጋራዡ የሚጠግነው በአብዛኛው የመሥሪያ ቤት ሞተሮችን ነው፤ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ወደ ገጠር የሚወርዱባቸውን። ሲጠገኑ ለባለቤቶቹ አድራሹ እሱ ነበር፤ አንዱን ሁምቦ፣ አንዱን አረካ። መንዳት የተማረው በዚያ ነው።

አንድ የገበያ ቀን አዬ ማሬ ታመሙና እሱ ቦዲቲ ሄዶ እንቁላሉን እንዲያመጣ ሆነ። ስድሳ እንቁላል በቅርጫት፣ ገለባ በመሐል፣ ከሞተሩ ኋላ በገመድ ታስሮ። ሻጮቹ ሴቶች እንደሳቁበት ኋላ ራሱ እየሳቀ ነገረን።

«ማሬ ይህን ልጅ የላከችው ለእንቁላል ነው ወይስ ለእንቁላል ፍርፍር?» አለችው አንዷ።

ሶዶ ሲደርስ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ስድሳ ነው። አላመንኩም፤ ገለባውን አውጥቼ ደግሜ ቆጠርኩ። መንገዱ ያን ጊዜ ጉድጓድ በጉድጓድ ነበር። እንዴት አድርገህ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ሁለት ጣቱን ነዳጅ ማጠራቀሚያው ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የጎረቤት ጨዋታ በግድግዳ እንደሚያዳምጥ ሰው ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ። «ዓይን ጉድጓዱን ያየዋል፤ ግን ይዘገያል። ሞተሩ ነው ቀድሞ የሚነግርሽ» አለኝ። ከዚያ በኋላ በሕይወቱ ሁሉ የሚደጋግማት አባባል ሆነች፦ ሞተር ይናገራል፤ የሰማው ይቀድማል።

እውነትም ቀደመ። አንድ ጊፋታ፣ በዘመን መለወጫችን ሰሞን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ውድድር ተደረገ። ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ የመጡት ጓንታቸውም ጫማቸውም የተሟላ ነበር። የመርክነህ ሞተር ከሦስት የሞቱ ሞተሮች የተገጣጠመች ናት፤ ሄልሜቱ የአንድ የእንስሳት ሐኪም ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ቀዩ አፈር ሊጥ ሆኗል። ኩርባው ላይ ሌሎቹ ፍሬን ሲይዙ እሱ ማርሽ እየቀነሰ ጭቃውን ተንሸራቶበት ያልፋል። አጠገቤ የቆመ የቦዲቲ ሰው «ይሄ ልጅ ከጭቃው ጋር ዝምድና አለው እንዴ?» አለ። ሁለተኛው ሲገባ መርክነህ ሄልሜቱን አውልቆ ውሃ ይጠጣ ነበር።

በማግስቱ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ቀጭን፣ ሁሉም «ኮች» የሚላቸው የአዲስ አበባ አሠልጣኝ እነአዬ ማሬ ቤት መጡ። አዬ ማሬ አማርኛ ስለማይሰሙ እኔ በመሐል ገባሁ።

«እናቴ፣ ልጅዎን ይስጡኝ። እንዲህ ያለ ጆሮ በሕይወቴ አላየሁም» አሉ ኮች።

አዬ ማሬ ሰውየውን ቀና ብለው አዩና «ሙሉውን ወስዶ ሙሉውን ይመልስልኝ በይው» አሉኝ።

እንዳሉት ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ምንም አልጨመርኩም፤ ምንም አልቀነስኩም።

አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተወዳደረ። ሲያሸንፍ ለሰፈሩ ሁሉ ይደውላል፤ ሲሸነፍ ለአዬ ማሬ ብቻ። በሦስተኛው ዓመት ልምምድ ላይ ፊቱ የነበረ ልጅ ወደቀ፤ መርክነህ እሱን እንዳይረግጥ ሞተሩን ወደ ጎን ጣላት። ቀኝ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ብረት ገብቶለት፣ በምርኩዝ ሶዶ ተመለሰ።

አዬ ማሬ በዚያ ሰሞን ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ እንኳ አጥራችን ላይ ቆመው «አንቺ ጸልዪ፣ ሞተሩን ይተወው» ይሉኝ ነበር። ጸለይኩ። ጾሜ ጸለይኩ። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከዘማሪዎች ጋር አገለግላለሁ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ እተረጉማለሁ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ስብከቱም ምስክርነቱም በወላይትኛ ነው። ከሌላ አገር ተመድበው ለመጡት ሐኪሞች፣ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ግን በአማርኛ ይተረጎማል፤ የሚቀመጡትም በግራ በኩል ከፊት ባሉት ወንበሮች ነው። ተናጋሪው ይላል፣ ያርፋል፤ ተርጓሚው ይቀበለዋል። ደግሞም ማንም ያልጻፈው አንድ ልማድ አለን። ምስክርነት በውሳኔ ነው የሚዘጋው። ጠጣሁ፣ ታመምኩ፣ ጌታ ማረኝ ያለ ሰው «ከእንግዲህ አልጠጣም» ሳይል አይወርድም። ሳይል ሊወርድ የቃጣውን ተርጓሚው ይደርስለታል፤ የጎደለችውን «ከእንግዲህ» ራሱ ይጨምርለታል። ሁላችንም አድርገነዋል። ውሸት አንለውም ነበር። ማሳመር ነው የምንለው።

መርክነህ በምርኩዙ መድረክ ላይ ወጣ። ስለ አደጋው፣ ስላልረገጠው ልጅ፣ ስለ ሆስፒታሉ ተናገረ፤ እኔም ተቀበልኩት። መጨረሻ ላይ በወላይትኛ እንዲህ አለ፦ «እግሬ እስኪጠገን ሞተር ላይ አልወጣም። ሲድን ግን ጌታ በሰጠኝ እጅ እንደገና እነዳለሁ፤ ያኔ ጸልዩልኝ።»

አዬ ማሬን አየኋቸው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። ድምፅ ማጉያውን አስጠጋሁና እንዲህ አልኩ፦ «ከእንግዲህ ወዲህ ሞተር ላይ አልወጣም። በጌታና በእናንተ ፊት ቃል እገባለሁ።»

አሜን ከግራ ወንበሮች ተነሣ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ አሜን አለ፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰሙት ጭምር። እነሱ እሱ ያለውንም እኔ ያልኩትንም ሰምተዋል። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑና ሞተሩን በመሠዊያ ላይ ስላኖረው ወጣት በወላይትኛ አመሰገኑ። አዬ ማሬ ይህን ሲሰሙ እልልታቸውን ለቀቁት። ልጃቸው በአፉ ያለውን ከደቂቃ በፊት ሰምተዋል፤ ግን እሳቸውም እንደኔ የጸለዩትን መስማት ነበር የፈለጉት።

መርክነህ ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም። ሞተር ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ትንሽ አየኝና ምርኩዙን አንሥቶ ወረደ።

ከግራ ወንበሮች መሐል እኔ ያላየኋቸው አንድ እንግዳ ነበሩ። ኮች። ቅዳሜ ማታ ገብተው፣ እሑድ ልጁን ቤተ ክርስቲያን ሊያገኙት የመጡ። ለእግሩ ሕክምና አመቻችተውለት፣ ሲድን ለውጭ አገር ውድድር ሊያዘጋጁት ቦታ ይዘውለት ነበር። እሳቸው የሰሙት የእኔን አማርኛ ብቻ ነው። ደጅ ላይ ትከሻውን ስመው «ቃልህን አክብር ልጄ» አሉት፤ ሰኞ ጠዋት ሄዱ። ለምን እንደመጡ እንኳ አልነገሩትም። ከብዙ ወራት በኋላ ለዮሐንስ ደውለው ነው ነገሩ የወጣው።

እግሩ ዳነ። ሞተር ላይ ግን አልወጣም። ያው ጋራዥ ተመልሶ ገብቶ የከተማው አንደኛ መካኒክ ሆነ፤ የማይነዳ መካኒክ። ሞተር ጠግኖ ሲጨርስ ባለቤቱን «ዙርና ና» ይለዋል። ራሱ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሰውየው ዞሮ ሲመጣ «ሦስተኛ ማርሽ ላይ ስትገባ ፍሪሲዮኑን በደንብ አትለቅም፤ ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ሕመምተኛው አንተ ነህ» ይለዋል። ከሁምቦ የሚመጡ የጤና ባለሙያዎች ሌላ ቦታ አይሄዱም ነበር። የባጃጅ ሾፌሮች ይተነኩሱታል።

«መርኬ፣ እስቲ አንዴ ሞክራት። ማንም አያይህም።»

«ማንም የምትለው ማንን ነው?» ይላል፣ በጣቱ ወደ ላይ እያሳየ። ቀጥሎ ባጃጁ ውስጥ ዘሎ ይገባል፦ «ሦስት እግር ያለው አይቆጠርም። ቤቴ አድርሰኝ።»

ይስቃሉ። እኔም ለእረፍት ስሄድ ይህን ስሰማ እስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያናድደኛል። ያ ጆሮ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ የሰው ፍሪሲዮን ሲቆጥር ኖረ።

የሚያናድደኝ ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። እሱም ያናድደኛል። አንድ ጊዜ የከተማው ወጣቶች አሠልጥነን ብለው መጡ። ተስማማ፤ ወደ ሁምቦ መውረጃ ባለ ሜዳ ላይ በኖራ መስመር አሠመረ፤ ሦስት ሳምንት በጆሮው ብቻ እያረመ አሠለጠናቸው። ከእነዚያ ልጆች ሁለቱን ያየ ሰው «መርኬን ቁጭ» ይል ነበር። ከዚያ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በመንገድ ሲያልፉ «መርክነህ፣ ራስህ የተውከውን ለልጆች ታወርሳለህ?» አሉት። በማግስቱ አልሄደም። ኖራው ዝናብ እስኪያጥበው እዚያው ቀረ። የመንጃ ትምህርት ቤት እከፍታለሁ አለ፤ አልከፈተም። አረካ የራሴን ጋራዥ አቆማለሁ አለ፤ ቤቱን አይቶ ተመለሰ። ከእጁ ያመለጠው ውድድር ብቻ አይደለም፤ የጀመረውን ሁሉ ከመንገድ ነው የመለሰው። አንዳንዴ ክፉ ሐሳብ ይመጣብኛል። ከአደጋው በኋላ ፈርቶ ይሆን? የእኔ «ቃል እገባለሁ» መሸሸጊያ ሆኖለት ይሆን? ይህን ሳስብ ትንሽ ይቀለኛል፤ ስለሚቀለኝም አላምነውም።

ከሁለት ዓመት በፊት ለጊፋታ ሶዶ ገብቼ ጋራዡ ሄድኩ። ከሰል የመሰለ እጁን እንዳያስነካኝ ክንዱን ሰጠኝ። ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

«መርኬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ካንዴላውን እያቀበልሽኝ ጠይቂ።»

አቀበልኩት። «ያን እሑድ ለምን ዝም አልክ?»

ካንዴላውን በጨርቅ ጠረገ፤ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። «አሥራ ሁለት ዓመት ቆይተሽ? እኔ እንኳ የሰው ሞተር ከሳምንት በላይ አላሳድርም።»

አልሳቅኩም። እሱም ተወው።

«ምን ልበል?» አለ። «ተርጓሚዋ ዋሸች ልበል? ያኔውኑ ከአገልግሎት ያወርዱሽ ነበር። እናቴ ደግሞ እልል ብላለች። እልልታ እንዴት ተደርጎ ይመለሳል?»

«ለብቻዬ ልትነግረኝ ትችል ነበር። አጥር ለአጥር ነን እኮ።»

«ጠበቅኩሽ» አለ። «ሦስት እሑድ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩሽ። አስቱ ጠንቃቃ ናት፣ እንቁላል እንኳ ሁለት ጊዜ ነው የምትቆጥረው፣ መጥታ ታስተካክለዋለች ብዬ። በአራተኛው እሑድ ኮሌጅ ሄደች አሉኝ።»

ያሳፈረኝን ያህል ተናደድኩበትም። የራሱን ሕይወት እኔ እስካስተካክለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል? ስለዚህ ክፉውን ጥያቄ ጠየቅኩት።

«ፈርተህስ ቢሆን?»

አንድ ሰው ከውጭ ሞተር አስነሣ፤ ሁለት ጣቶቹ በልማድ ጉልበቱ ላይ አረፉ።

«እሱን እኔም አላውቀውም» አለኝ። «የሚታወቀው ሲወጡበት ነበር። አንቺ መሞከሪያውን ወሰድሽብኝ።» ቀጠል አድርጎ ወደ ውጭ ጮኸ፦ «ጋዙን ቀንስ፣ ሳይሞቅ አታስጩኸው።»

ሄጄ ለሽማግሌዎቹ እጽፋለሁ ብዬው ተለያየን። «ጻፊ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። አሶሳ ተመልሼ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሦስቱንም ቀደድኳቸው። መጀመሪያ ልጸልይበት አልኩ። አዬ ማሬ አርጅተዋል፣ ይደነግጣሉ አልኩ። ሥራዬ ሐኪም የጻፈውን ሳልጨምር ሳልቀንስ መስጠት ነው፤ አንድ ፍሬ ብሳሳት እንቅልፍ አይወስደኝም። ለአንድ ሰው ሕይወት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጊዜ አላገኘሁለትም። በጸሎት አሳብቤ መፍራቴን ጌታ ያውቃል።

አሁን መርክነህ ከወረቀቱ ላይ ተነሥቶ «እንዲህ አላልኩም» ሊል አይችልም። ወረቀት ይጠፋል። ድንጋይ ግን አይጠፋም።

ስለዚህ ያን እሑድ በአዳራሹ የነበራችሁትን እለምናለሁ። ብዙ ነበራችሁ። እሱ ያለውን በገዛ ቋንቋው፣ እኔ ያልኩትን በአማርኛ የሰማችሁ ነበራችሁ፤ ልዩነቱን ያወቀ፣ ከልማዳችን ነው ብሎ ያለፈው ከመሐላችሁ አይጠፋም። ለዮሐንስ ደውዬ ነግሬዋለሁ። «ኀዘኑ በዝቶብሽ ነው፣ እህቴ» አለኝ። አልፈርድበትም፤ ከአንድ ተርጓሚ ቃል ይልቅ የአንድ አዳራሽ አሜን ይበልጣል። ለእኔ ይቅርታ እንድትጠይቁልኝ አይደለም፤ ለሽማግሌዎቹ የጻፍኩት አራተኛው ደብዳቤ ሳይቀደድ ተልኳል፤ የሚገባኝን እቀበላለሁ። እናንተ ግን ወደ ዮሐንስ ሂዱ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። «እግሬ እስኪጠገን» ማለቱን፣ «እንደገና እነዳለሁ፣ ያኔ ጸልዩልኝ» ማለቱን እሱ ባለበት ቋንቋ ንገሩት። አዬ ማሬ ዘንድም ግቡ፤ እሳቸውን ግን ቀስ ብላችሁ፣ እጃቸውን ይዛችሁ። እሳቸውም ሰምተውታል፤ አስታውሷቸው ብቻ።

ድንጋዩ ላይ ሌላ የሚጻፍ ከጠፋ ስሙ ብቻውን ይበቃዋል። ጊፋታ ሩቅ አይደለም፤ እባካችሁ ጠራቢው መዶሻውን ሳያነሣ ሂዱ።